በሰው አፍ መጸለይ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሸሚዝ፣ ሸሚዝ፣ አሁንም ሸሚዝ። የሆቴሉ አስተናጋጆች ነጭ ሸሚዝ ተከምሮ ጠበቀኝ። አስቀድሞ ኮሌታው፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እጅጌው... ጀርባው መጨረሻ። እዚህ ላውንደሪ ከገባሁ ወዲህ በሕልሜ እንኳን የምተኩሰው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ከሥራ በፊት እንደ ወትሮው ቦይለሩ ዙሪያ ቆመን ተጸለየ። የሚጸልዩልን የቦይለሩ ሠራተኛ ናቸው። ጋሼ እንፋሎት እንላቸዋለን። ውኃውን አፍልተው እንፋሎቱን ወደ ካውያችን የሚልኩት እርሳቸው፤ ጸሎታችንን ወደ ላይ የሚልኩትም እርሳቸው። የእኛ ድርሻ "አሜን" ነው። ጥሩ አሜን እላለሁ። ከዚያ በላይ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ዓይኔን ግን ፈጽሞ አልጨፍንም። ሁሉም ሲጨፍን የማይጨፍነው ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ዛሬ አንዷን ያዝኋት። አንሶላ አጣፊዋ ናት። እርሷም ዓይኗን ከፍታ እኔን ታያለች። ጠቀሰችኝ! ምን ማለቷ ነው?

እናቴ ደውላ ነበር።

"ትጸልያለህ ወይ፣ የኔ ልጅ?"

"ይጸለያል እማዬ።"

"ይጸለያል ወይ አላልኩህም። አንተን ነው የጠየቅኩህ።"

መስመሩ እንደተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና ከአጠገቧ ያለችው... የእኔ አይመስሉም። ስነካቸው የሌላ ሰው ጣት የነካሁ ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ካውያው ከእጄ ሊያመልጥ ለጥቂት ቀረ። አንድ ኮሌታ ጫፉ ወየበ። በውኃና በሳሙና አሸሁት፤ ለቀቀ። ማንም አላየም።

አላየም? አጣፊዋ ግን ብቅ አለች።

"ዛሬ ካውያው ከበደህ እንዴ፣ የኔ ልዑል?"

"አልከበደኝም።"

"ታዲያ በሁለት እጅህ እንደ ሕፃን ያቀፍከው ለምንድን ነው?"

ስቃ ሄደች። ለምን ጠየቀች? የአክስቷ ልጅ ሥራ ይፈልጋል ሲባል ሰምቻለሁ። ተኩስ ይችላል ወይ የሚለውን ግን አልሰማሁም። መስማት ነበረብኝ።

እጅ የሌለው ተኳሽ ምንድን ነው? የምተኛባት ክፍል ከተኩስ ክፍሉ በላይ ናት፤ የሥራው ናት። ሥራው ከሄደ አልጋውም ይሄዳል። በዚህ ከተማ ሌላ የማንኳኳው በር የለኝም። በአራተኛ ክፍል ትምህርት የት ይገባል? ጉልበትና እጅ ነው ያለኝ። አሁን እጁም...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ለጋሼ እንፋሎት ነገርኋቸው። ሁለት ቀን አሰብሁበት። ቦይለሩ ጠፍቶ፣ የብረት በሩን ሲጠርጉ፣ ሌላ ሰው አለመኖሩን ዞር ዞር ብዬ አይቼ ገባሁ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ብነግርዎት በእርስዎና በእኔ መካከል ይቀራል?"

"በእኔ፣ በአንተና በእግዜር መካከል።"

እጄን አሳየኋቸው። ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረጓቸው።

"ይኼ ይሰማሃል?"

"አይሰማኝም።"

"ይኼስ?"

"ትንሽ።"

"ነገርከው?"

"ለማን?"

"ለማን ይለኛል እንዴ! ለፈጣሪህ ነዋ።"

"እርስዎ ይንገሩልኝ እንጂ ጋሼ። እርስዎን ያውቅዎታል።"

"አንተንስ አያውቅህም?"

በየመሥሪያ ቤቱስ እንዲሁ አይደል? ሰው የሌለው ወረፋ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሰው ያለው በጎን በር ይገባል። እዚያ ላይ የእኔ ሰው ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጅ የጠኑ፣ ቃሉ የተዋጣላቸው። እኔ ምን ብዬ እገባለሁ?

"እኔማ እጸልይልሃለሁ" አሉ። "ግን ልጄ፣ በእኔ በኩል ብቻ ሰላምታ እየላክህለት እስከ መቼ ነው? አንድ ቀን እንኳን ራስህ ብቅ በልለት።"

ብቅ ማለት... የት ሄጄ ነው ብቅ የምለው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

የሐኪም ቤቱን አንሶላ ለማድረስ ከሾፌሩ ጋር በማለዳ ወጣሁ። የጠዋቱ ጸሎት አመለጠኝ። ጋሼ ስላሉ አልተጨነቅሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

አለቃችን እትዬ ጠሩኝ።

"ከነገ ጀምሮ ማጠፊያው ላይ ትሠራለህ።"

"ምን አጠፋሁ እትዬ?"

"ምንም አላጠፋህም።"

"ታዲያ..."

"ማጠፊያው ሰው አንሶታል።"

ማጠፊያው ሰው አላነሰውም። ሲያወሩኝ ደግሞ ፊቴን አልነበረም የሚያዩት። ቀኝ እጄን ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ጋሼ ለእትዬ ነግረዋቸዋል። ሌላ የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ጋሼን ቀኑን ሙሉ ስከታተላቸው ዋልሁ። ለእትዬ ሻይ ይዘውላቸው ገቡ። ቆዩ። ሲወጡ ፈገግ ብለው ነበር። የሻይ ፈገግታ ነው የወሬ? ከዚያ እኔ ዘንድ መጥተው "እንዴት ነህ ጎበዝ?" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከነገረ በኋላ ትከሻ የሚመታ ሰው... እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

ለካ ሰው ሲጨንቀው ይናገራል፤ የሰማውም ያን ይዞበት ይኖራል። ለምን አፌን ከፈትሁ? "በእኔ፣ በአንተና በእግዜር መካከል" ብለው አልነበረም? ከሦስታችን ማን አወጣው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ጸሎቱን ትቻለሁ። እነርሱ ሲቆሙ እኔ የፎጣውን ጋሪ ወደ ኮሪደሩ እገፋለሁ። አሜናቸው ግድግዳ አልፎ ይሰማኛል። የማን አሜን ከልብ እንደሆነ፣ የማን እንዳልሆነ ለመለየት ሞከርሁ። አልተቻለም።

አጣፊዋ ከጠረጴዛው ማዶ ናት አሁን። ማምለጫ የለኝም።

"ከእግዜር ተጣላህ እንዴ?"

"ከእግዜር አይደለም።"

"ታዲያ ከማን?"

"ከማንም።"

"ከማንም ጋር ያልተጣላ ሰው ፎጣ እንዲህ አይደበድብም።"

ፎጣውን ቀስ ብዬ አስቀመጥሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ አንድ ነገር ሆነ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ፀሐይ ስትወጣ አንሶላውን ጣሪያው ላይ እናሰጣለን። የምሳ ሰዓት ነበር፤ ሁሉም ወርዷል። እኔ ከማንም ጋር መብላት ስላልፈለግሁ ቀረሁ። አንሶላዎቹ በአራት ረድፍ ተንጠልጥለዋል። መካከላቸው ሲገቡ ከተማው ይጠፋል። ነጭ ብቻ... የበረኪና ሽታ ብቻ። እንዲህ ያለ ክፍል ኖሮኝ አያውቅም።

ለመጸለይ አልነበረም የገባሁት። ጨንቆኝ ነው። የሚነገረው ሰው አጣሁ። ለእናቴ ብነግር ትታመማለች፤ ለጋሼ ነግሬ ያየሁትን አየሁ። እና አፌን ከፈትሁ።

"ሰማይና ምድርን ያጸናህ፣ ዘመናት የማይቆጥሩህ..." ብዬ ጀመርሁ። የጋሼ ቃል ነው። ድምፄ ሳይቀር የእርሳቸውን ድምፅ መሰለ። አስጠላኝ፤ ተውሁት። ከዚያ ብዙ ዝም ብዬ ቆምሁ።

"እኔ ነኝ" አልሁ። "ማጠፊያው ላይ ያለሁት። ከዚህ በፊት በሌላ ሰው በኩል ነበር የምልክብህ።"

ቀጥሎ ያልሁት ያሳፍራል። ግን እዚህ ካልጻፍሁት የት እጽፈዋለሁ?

"የምነግርህን ለማንም እንዳትናገር" አልሁት።

እግዚአብሔርን! ዙሪያዬን አየሁ፤ የሰማኝ የለም። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ቆመ። አንድ ነገር ታሰበኝ። እርሱ ሁሉን ያውቃል ይባላል። ስለ ጣቶቼ ከጋሼ በፊት ያውቅ ነበር። ስለወየበው ኮሌታ ያውቃል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለውን፣ ለማንም ያልነገርሁትን ሁሉ ያውቃል። እና እስከ ዛሬ ለማንም አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለም። ከማውቃቸው ሁሉ ምስጢር የጠበቀልኝ እርሱ ብቻ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገርሁት። እጄን፣ ጋሼን፣ አልጋዬን። "አንተስ ሲነግሩብኝ እያየህ ለምን ዝም አልህ?" ብዬም ወቀስሁት። መልስ አልሰጠኝም።

ዝምታው ምን ማለት ነው? ዝም የሚል ያዳምጥ ይሆናል፤ ትቶኝ የሄደም ሊሆን ይችላል። ገና አላመንሁትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ትናንትም ዛሬም ወጣሁ። ትናንት አንሶላ አልነበረም፤ ባዶ ገመድ ሥር መቆም ራቁት የመቆም ያህል ነው። ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ተጠጋሁ።

ቃሌ አያምርም። የአራተኛ ክፍል ቃል ነው። ጋሼ ሲጸልዩ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ጨርቅ ከጥቅል ላይ ይተረተራል። የእኔ ይቆራረጣል። ግን ዛሬ ስለ እጄ ጀምሬ ሳላስበው ስለ ሌላ ነገር አወራሁ። ሰውን ሁሉ እንደምፈራ። ሁለት ሰዎች ቆመው ካወሩ ስለ እኔ እንደሚመስለኝ። ይህን ለማንም ብዬው አላውቅም። ለራሴም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

አራት ቀን አልወጣሁም። የሆቴሉ መጋረጃ መጣ፤ ሥራ በዛ። ጊዜ አጣሁ ልበል? ለመጨነቅ ግን ጊዜ አላጣሁም። የእትዬን የእግር ኮቴ ለማዳመጥ ጊዜ ነበረኝ፤ ጋሼ ከማን ጋር እንደሚያወሩ ለመቁጠር ጊዜ ነበረኝ። ከቀረው ትርፍ ላይ ነበር ለእርሱ የምሰጠው። ምንም አልቀረም፤ ምንም አልሰጠሁም።

በትርፍ ጊዜ የሚታወቅ ሰው አለ? ለእናቴ እንዲህ ባደርግ ምን ትለኝ ነበር? (አድርጌያለሁ። ስልክ ዘግቼባታለሁ።)

ከነገ ጀምሮ ከሻይ በፊት። ከሰው ፊት በፊት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ካለፉት አራት ቀናት በሦስቱ ከሻይ በፊት ወጥቻለሁ። ስለዚህ ግን አይደለም ዛሬ የምጽፈው።

ትልቁን የአልጋ ልብስ አብረን ስናጥፍ አጣፊዋ፦

"እጅህ እንዴት ሆነልህ?" አለችኝ።

"የትኛው እጄ?"

"ስንት አለህ?"

"ማን ነገረሽ?"

"ጋሼ ለእግዜር ሲነግሩት ሰማኋ! አንተ ሐኪም ቤት አንሶላ ልታደርስ የሄድክ ዕለት። 'የዚህን ልጅ ቀኝ እጅ ዳስስለት፣ ሁለቱን ጣቶች አንቃለት፣ ካውያው እንዳይወድቅበት አንተ ያዝለት' እያሉ... እንባቸው በአገጫቸው ሲወርድ። አላሳዘኑኝም መሰለህ? ሁላችንም አሜን አልን። እትዬ እንኳን አሜን አሉ።"

"እትዬ ነበሩ?"

"ቦይለሩን ሊያዩ ገብተው ነበራ። ምነው? ፊትህ አንሶላ መሰለ።"

የአልጋ ልብሱ ከእጄ ወደቀ። በጣቶቼ ምክንያት አይደለም።

በጸሎት ነው የነገሩብኝ። በጸሎት!

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርሁ። አውቀው ቢሆንስ? ወሬን ለአለቃ ለማድረስ የሚፈልግ ሰው ከጸሎት የተሻለ መንገድ ከየት ያገኛል? ማንም "ዝም በል" አይለውም። ሁሉም አሜን ይልለታል።

ጠዋት ጣሪያው ላይ ይህንኑ ነገርሁት። በቁጣ። ስጨርስ ቁጣው አልቆ ነበር፤ የቀረው ጥያቄ ብቻ ነበር። ጥያቄውን ይዤ በቀጥታ ወደ ቦይለሩ ወረድሁ።

"ጋሼ፣ ለእትዬ ለምን ነገሩብኝ?"

"እኔ? ምን ብዬ?"

"ስለ እጄ። ሁሉም ሰምቷል።"

ከዚያ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት።

"ለእግዜር ነው የነገርኩት!"

"ማጠፊያ ክፍሉ ድረስ ነው የነገሩት።"

"ቦይለሩ ይጮሃል እኮ ልጄ! ካልጮህኩ እኔም ራሴን አልሰማም።" የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። "ዕድሜዬን ከዚህ ብረት ጋር ስጯጯህ ኖሬ በቀስታ መናገር ጠፋብኝ። ሚስቴ እንኳን 'ምስጢር ስትነግረኝ ጎረቤት ይመልስልሃል' ትለኛለች።"

ልስቅ ነበር፤ ያዝሁት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እንባም ይጠረጠራል... እኔ እንባ ጠርጥሬ አውቃለሁ። ግን ደከመኝ። እውነት ለመናገር መጠርጠር ደከመኝ።

"ይቅር በለኝ ልጄ። አሁኑኑ ለእትዬ ሄጄ እለምንልሃለሁ።"

"አይሆንም ጋሼ። መጸለዩን ይጸልዩልኝ፤ ቀስ ብለው። ለእትዬ ግን የምናገረው እኔ ነኝ።"

ይህን ማን አናገረኝ? ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የፈራሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ጣሪያው ላይ ከሌላው ቀን ረዘም ያለ ጊዜ ቆየሁ። "አብረኸኝ ግባ" አልሁት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

"እትዬ፣ እጄ ታሟል።"

"አውቃለሁ።"

"እንደሚያውቁ አውቃለሁ። ከእኔ አፍ ግን አልሰሙም።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ ደግሞ አንተ ራስህ መጥተህ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ጣትህ ደንዝዞ የጋለ ካውያ ትይዛለህ?"

"እንዳያባርሩኝ ፈርቼ ነው።"

"እና ክንድህ ላይ ቢወድቅ? ወይ እዚያች አጣፊ ልጅ ላይ?"

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ከራሴ ሌላ ማንም ሊጎዳ እንደሚችል...

"ሰኞ ሐኪም ቤት ሂድ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እንነጋገራለን።"

እንነጋገራለን። ቀኑን ሙሉ ይህን ቃል አላመጥሁት። ደግ ሰው የሚለው "እንነጋገራለን" ነው ወይስ ሊያሰናብት ያሰበ ሰው የሚለው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ትናንት ታየሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጣቴን ትቶ ክርኔን ሲነካካ ሙያውን ተጠራጠርሁ።

"ስትሠራ ክርንህን ጠረጴዛ ላይ ትደገፋለህ?"

እደገፋለሁ። ኮሌታ ስተኩስ ሁልጊዜ። በክርን በኩል የሚያልፍ ነርቭ ተጭኖ ነው አለ። መደገፉን ልተው፣ ክንዴ ይረፍ። ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። ወራት ይፈልጋል።

እትዬን አነጋገርኋቸው። ማጠፊያው ላይ እቆያለሁ። አልጋዬም ለጊዜው የእኔ ናት። ካውያው ግን ለሌላ ይሰጣል። ክረምት ሲመጣ እጄ ካልዳነ ያኔ ሌላ ንግግር ነው።

እጄን እንዲያድንልኝ በየጠዋቱ ለምኜው ነበር። አላዳነውም፤ ቢያንስ እስካሁን። ዛሬ ጠዋት ይህን ሳልደብቅ ነገርሁት። ቅር እንዳለኝም ነገርሁት። ቅር ብሎኝ እዚያው ቆየሁ። ድሮ ቅር ያለኝን ሰው ትቼ ነበር የምሄደው።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

አዲሱ ተኳሽ ገባ። የአጣፊዋ የአክስት ልጅ ነው።

አውቄው ነበር! ስትጠቅስ፣ ስትጠይቅ፣ ስትስቅ... እርሷው ናት ለእትዬ ደጋግማ ያስታወሰቻቸው? እትዬ "ማንን ልቅጠር?" ብለው ሲጠይቁ እርሷ ዝግጁ ሆና ነበር? ዛሬ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቃል አልተናገርኋትም። ልጁ ደግሞ ኮሌታውን መጨረሻ ነው የሚተኩሰው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ወደ ጣሪያው በሚወስደው ደረጃ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አጣፊዋ። በዚያ ሰዓት! ሊነጋ ሲል የሚመጣ ሠራተኛ የለም። ምን ልትሰልል ነው ብዬ ቆምሁ።

"በየጠዋቱ እዚህ እንደምትወጣ አውቃለሁ" አለች። "ለማን እንደምትወጣም።"

የደረጃውን መደገፊያ ያዝሁ።

"የአክስቴን ልጅ ያስገባሁት አንተ ከካውያው ከተነሳህ በኋላ ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።"

"አልመሰለኝም" አልሁ። ዋሽቻለሁ። "መስሎኝ ነበር" ብዬ አረምሁት።

አልሳቀችም። ሳትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ዓይኗ አብጧል።

"አንድ ነገር አለብኝ። እኔ አልችልበትም... አንተ ንገርልኝ። ለጋሼማ አልናገርም፤ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። ለማንም እንዳታወራ እንጂ..."

ልትነግረኝ አፏን ከፈተች። እውነቱን ልጻፍ፤ ጆሮዬ ቆሞ ነበር። የእርሷ ምስጢር! ምን ያህል ጊዜ ከሳቋ ጀርባ ምን እንዳለ ለማወቅ ተመኝቻለሁ።

"አትንገሪኝ" አልኋት።

"ለምን?"

"እኔ ብነግርልሽ እኔ ነኝ የማወራው። አንቺ አሜን ብለሽ ትቀሪያለሽ። ራስሽ ንገሪው።"

"ምን ብዬ?"

"'እኔ ነኝ' በይው።"

"በቃ?"

"እኔ በዚህ ነው የጀመርኩት። ቃል ካጠረሽ ዝም በይ። አይቸኩልም።"

ከትናንት የተረፉ አንሶላዎች ተሰቅለው አድረዋል። መካከላቸው አስገባኋትና ወረድሁ። ሰው እንዳይወጣ ደረጃው ግርጌ ቆምሁ። ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም። ሁለት ደረጃ ከፍ ብል ይለይ ነበር። እግሬ ተነሳ እንኳን። መለስሁት፤ እንዲያውም ወደ ኮሪደሩ ራቅ አልሁ።

ስትወርድ አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች ነበር።

"ሰማህ?"

"አልሰማሁም።"

"ማልልኝ።"

"አልሰማሁም አልኩሽ እኮ።"

ትክ ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ስንት ሰው በዚያ ዓይን አይቻለሁ! አልከፋኝም። ጊዜ ይፈልጋል።

ከዚያ እኔ በተራዬ ወጣሁ። ስለ እርሷ ስጸልይ ምን እንደምለምንላት አላወቅሁም። "የነገረችህን ስማት" ብቻ አልሁ። ስለ እጄም አነሳሁ፤ ዛሬ ግን ሁለተኛ ነበር።

ምን እንደነገረችው አሁንም አላውቅም። ሳላውቅ ልተኛ ነው።